ታብሌቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ለወላጁ ይደወል

ጥያቄ፦ «ከተማችን ትምህርት ቤቶቿን በዲጂታል ቴክኖሎጂ ለማሻሻልና ተራርቀው የሚኖሩ ነዋሪዎቿን ለማቀራረብ ኮሚቴ አቋቁማለች። እኔ ወላጆችን ወክዬ ገብቻለሁ። ለአንድ ጊዜ የተፈቀደ በጀት አለ። ግማሹ አባል ለእያንዳንዱ ተማሪ ታብሌት ይገዛ ይላል። ግማሹ ደግሞ ትምህርት ቤቶችንና ሰፈሮችን ሁሉ የሚያገናኝ አንድ ትልቅ አፕ ይሠራ ይላል። ሰፈሮቻችን በቋንቋም በኑሮም ይለያያሉ፤ ሰዉ እምብዛም አይገናኝም። እኔ የቴክኖሎጂ ሰው አይደለሁም። ስብሰባው ላይ ምን ይዤ ልግባ?»

ምላሽ፦ ጠያቂዬ፣ የቴክኖሎጂ ሰው አለመሆንዎ አያስጨንቅዎት። እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ዕቃ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ነው። እርስዎ ያ ሰው ነዎት።

እኔ ብዙ ዓመት የትምህርት ቤት ኔትወርክ ስዘረጋና መምህራን ሳሠለጥን ኖሬያለሁ። መልሴን ላስቀድምልዎት። ታብሌቱም አፑም ይቆዩ። የመጀመሪያው ገንዘብ በልጁና ልጁን ሊያግዝ በሚችል ትልቅ ሰው መካከል ያለውን ርቀት ለማሳጠር ይዋል። ያ ርቀት ያጠረበት ቦታ ርካሽ ስልክ እንኳ ውጤት ያመጣል። ያላጠረበት ቦታ ግን ውድ ዕቃ መጋዘን ያሞቃል።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርዎ። አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ የኮምፒውተር ክፍሉን አሳዩኝ አልኩ። ቁልፉ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ሲከፈት ሃያ አራት ኮምፒውተር በመደዳ ተቀምጧል። ሁሉም የጨርቅ ሽፋን ለብሷል። ሽፋኑን ገለጥ ሳደርግ የአንዳንዶቹ ስክሪን ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ዕቃው ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቁልፉ የሚቀመጠው ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ኃላፊዋ በስማቸው ፈርመው ተረክበዋል። አንድ ኪቦርድ ቢሰበር ከደመወዛቸው ይቆረጣል። ታዲያ ለምን ይከፍቱታል? እኔ በሴትዮዋ ቦታ ብሆን እኔም አልከፍትም። ክፍሉ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነበር፤ እኔ እንግዳ ስለሆንኩ ተከፈተልኝ።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰለዎት? አንድ ገጽ ደብዳቤ። ዳይሬክተሩ «ተማሪዎች ሲጠቀሙ ለሚደርስ ብልሽት ሠራተኛ በግል አይጠየቅም» ብለው ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። በሳምንቱ ክፍሉ በልጆች ሞላ። አንድ ሳንቲም አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ትምህርት ቤት ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ኮምፒውተር አላችሁ?» ብዬ አይደለም። «ቁልፉ ማን ጋ ነው? ቢሰበር ማን ይከፍላል?» ብዬ ነው። እርስዎም ይህን ጥያቄ ይያዙልኝ።

የዚያ ትምህርት ቤት ብቻ ችግር እንዳይመስልዎት። ፔሩ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ ውስጥ በሰፊው ከገቡት አገሮች አንዷ ነበረች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች አከፋፈለች። ተመራማሪዎች በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤቱን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ላፕቶፑ ከደረሰ ከ15 ወር ያህል በኋላ ልጆቹ በሒሳብም በቋንቋም ፈተና ካልደረሳቸው ልጆች አልበለጡም። ኮምፒውተር መጠቀም ለምደዋል። በአንዳንድ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎችም መጠነኛ መሻሻል ታይቷል። የክፍሉ ትምህርት ግን ባለበት ቆሟል። ላፕቶፑ ወደ ክፍሉ ሲገባ መምህሩ ነገ ጠዋት በሚያስተምረው ርዕስ ላይ ምን እንደሚሠራበት በቅጡ ያሳየው አልነበረም።

ገንዘብ ሲበዛም ያው ነው። ሎስ አንጀለስ በ2013 ለከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በሙሉ አይፓድ የተባለውን ታብሌት ለማዳረስ ተነሣች። ዕቅዱ ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን የሚመለከት፣ ኔትወርኩን ጨምሮ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተገመተ ነበር። ገና ሳምንታት ሳይቆጠሩ ተማሪዎች የተጫነውን መቆጣጠሪያ አልፈው እንደልባቸው ኢንተርኔት ይከፍቱ ጀመር። ዕቃው ቤት ይሂድ አይሂድ፣ ቢሰበር ወላጅ ይክፈል አይክፈል የሚለው እንኳ በወጉ አልተቋጨም ነበር። በ2014 ውሉ እንዲቆም ተደረገ። አዩት? እዚያም የተነሣው የንብረት ኃላፊዋ ጥያቄ ነው።

ከታብሌት ወገን ያሉት ጓደኞችዎ «ኡሩጓይስ?» ሊሉዎት ይችላሉ። ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይንገሯቸው። ኡሩጓይ በ2007 ከአንዲት ትንሽ ከተማ ጀምራ በ2009 ለሕዝብ አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ ላፕቶፕ አዳረሰች። እሷም ብትሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሒሳብና በንባብ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘችም። ጥሩ ያደረገችው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቶቿ የእንግሊዝኛ መምህር እጥረት ነበረባቸው። የተዘረጋውን የኢንተርኔት መስመር በ2012 ለዚህ ማዋል ጀመረች። ሩቅ ቦታ ያለ፣ አንዳንዴም ሌላ አገር የተቀመጠ የእንግሊዝኛ መምህር በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ ወደ ክፍሉ ይገባል። የክፍሉ መምህር እዚያው ሆኖ ልጆቹን ያስተባብራል። የቀሩትን ክፍለ ጊዜያት ደግሞ እሱ ራሱ ያስኬዳል። እንግሊዝኛው ጠንካራ ባይሆንም ክፍሉን ያውቃል፤ ማን እንደሚያፍር፣ ማን እንደሚቸኩል ያውቃል። ሁለቱ መምህራን ተያይዘው አንድ ሙሉ መምህር ሆኑ ማለት ነው። መስመሩ ጥቅም ላይ የዋለው የጎደለ ሰው ሲያመጣ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው «ምን እንግዛ?» ከማለቱ በፊት «ልጆቻችን የጎደላቸው ሰው ማነው?» ይበል። በአንዱ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ይሆናል። በሌላው የጎደለው ልጁ መቅረቱን በጊዜ የሚሰማ ወላጅ ይሆናል። መልሱ በየትምህርት ቤቱ ይለያያል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ መግዛት የማያዋጣውም ለዚሁ ነው።

ዕቃ ራሱ በቀጥታ የሚያስተምርበት ሁኔታ የለም አልልም። አለ። በህንድ ዋና ከተማ በዴልሂ የተደረገ፣ በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ደስ ይለኛል። ከ600 በላይ ተማሪዎች ነበሩበት። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ አንድ ማዕከል እየመጡ በኮምፒውተር ይሠራሉ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ልጁን ይፈትነዋል፤ ከዚያ ልጁ ካለበት ቦታ ይነሣል። ሰባተኛ ክፍል ሆኖ የአራተኛን ሒሳብ ካልጨረሰ ከአራተኛ ይጀምርለታል። ብዙዎቹ ከክፍላቸው ከሁለት ዓመት በላይ ወደኋላ የቀሩ ነበሩ። በአራት ወር ተኩል በሒሳብም በሂንዲም ጥሩ መሻሻል አሳዩ። አንድ መምህር ስድሳ ልጅ ይዞ ለእያንዳንዱ ካለበት ቦታ ልጀምር ቢል አይችልም። እዚህ ላይ ማሽኑ እውነትም ያግዛል። ግን ለዚህ ለየልጁ ታብሌት አያስፈልግም። በፈረቃ የሚገባበት አንድ ክፍል፣ የሚሠራ ፕሮግራምና ልጆቹን የሚከታተል ሰው ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ስልክ። በጀቱ ትንሽ ከሆነ ከዚህ ይጀምሩ እላለሁ።

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በ22 ትምህርት ቤቶች የተሞከረ ነገር አለ። መምህራን መቅረትንና ያልተሠራ የቤት ሥራን በኮምፒውተር መዝገብ ይሞላሉ። ሲስተሙ መዝገቡን እያየ ለወላጅ አጭር መልእክት ይልካል። «ልጅዎ በዚህ ሳምንት ከሒሳብ ክፍል ሁለት ጊዜ ቀርቷል» ዓይነት ነው። ሌላ ምንም የለውም። ልጆቹ የሚወድቁባቸው የትምህርት ዓይነቶች ቁጥር ከሩብ በላይ ቀነሰ፤ ክፍል መገኘትም ከፍ አለ። ልብ ይበሉ፤ ወላጆቹ አዲስ ነገር አልተማሩም። ልጃቸውን የሚወዱ፣ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ በሪፖርት ካርድ የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። አሁን በጊዜው ሰሙ።

ሁለተኛው ከቦትስዋና ነው። በ2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ4,000 በላይ ቤተሰቦች ተመረጡ። ለአንደኛው ቡድን የሒሳብ ጥያቄ በአጭር መልእክት ብቻ ይላክለታል። ለሌላው ከመልእክቱ በተጨማሪ በሳምንት አንዴ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይደወላል። ስልኩ ላውድ ላይ ይደረጋል። ወላጁም ልጁም አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ከደዋዩ ጋር ይሠራሉ። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ይህን ያህል አልተለወጡም። የተደወለላቸው ልጆች ግን በሒሳብ ተሻሻሉ። ያንኑ ዘዴ በሌሎች አምስት አገሮች ሲሞክሩትም ሠራ። ስማርት ስልክ አላስፈለገም፤ ኢንተርኔትም አላስፈለገም። የሚደውል ሰውና የአየር ሰዓት ነው ያስፈለገው።

ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ሊመስሉ ይችላሉ። አንዱ ላይ መልእክት ሠራ፤ ሌላው ላይ ብቻውን አልሠራም። አይጋጩም። «ልጅህ ቀርቷል» የሚል ወሬ ለማድረስ ጽሑፍ ይበቃል። ለማስተማር ግን የሰው ድምፅ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት ኮሚቴዎ በደንብ ቢይዘው ብዙ ገንዘብ ይተርፋል።

ጽሑፍ ወሬ ለማድረስም ቢሆን የማይበቃበት ቤት አለ። ይህን የተማርኩት ከአንዲት እናት ነው። አንድ ትምህርት ቤት የመቅረት መልእክት ሥርዓት ተክለን ነበር። ሲስተሙ ሁሉም መልእክት «ደርሷል» ይላል። የአንድ ልጅ መቅረት ግን አልቀነሰም። እናቱ ተጠሩ። መጡ። «እኔ እኮ መልእክት ይደርሰኛል፤ ሁልጊዜ ጎበዝ ነው ነው የሚለው» አሉ። ስልካቸውን ለስም ጠሪ መምህርቷ ሰጡ። መልእክቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል። ሁሉም «ልጅዎ ዛሬ አልተገኘም» ይላሉ። እናቲቱ ማንበብ አይችሉም። የሚያነብላቸው ያው የቀረው ልጅ ነው። መምህርቷ ቀስ ብላ አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ሴትዮዋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ረጅም ሰዓት ዝም አሉ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን ቀየርን። ልጅ ሲመዘገብ ሦስት ጥያቄ ተጨመረ፤ በምን ቋንቋ እንነጋገር? መልእክት በጽሑፍ ይሁን በድምፅ? በስንት ሰዓት ቢደወል ይመቻል? ድምፅ ለመረጡት ስም ጠሪዋ በራሷ ድምፅ፣ በሚገባቸው ቋንቋ የተቀዳ መልእክት ይደርሳቸዋል። ቋንቋውን መምህርቷ ካልቻለች ከዚያው ሰፈር ያለ ወላጅ ይቀዳል። የከተማዎ ሰው በቋንቋ ይለያያል ብለውኛል። ሰፈርን ከትምህርት ቤት ማገናኘት የሚጀምረው ከዚህች ቅጽ ነው። አንድ ወላጅ ትምህርት ቤቱ በቋንቋው ሲያናግረው ቤቱ የተከበረ ይመስለዋል፤ እውነትም ተከብሯል።

አንድ ሙያዊ ነገር ልጨምር፤ በጀት ሲሠራ ሰዎች ይረሱታል። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል፣ በአረብኛ ወይም በቻይንኛ ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት፣ ከዚያም እንደ ሦስት ይቆጠራል፤ ክፍያውም እንደዚያው። ስለዚህ «ክቡር የተማሪ ወላጅ ሆይ» ብሎ መጀመር ገንዘብ ይበላል። የልጁ ስም፣ የሆነው ነገር፣ የሚደወልበት ቁጥር፤ አለቀ። መልእክቱን ራስዎ ጽፈው ፊደሉን ይቁጠሩት። ባዶ ቦታም ይቆጠራል።

ስለ ግሩፕም ላንሳ። መቼም በየክፍሉ የወላጆች ግሩፕ ሳይኖር አይቀርም። ግሩፕ ጥሩ ነው፤ ግን ልቅ ከሆነ ይረብሻል። አንዱ የልጆችን ውጤት ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል። ሌላው ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ወሬ ያሠራጫል። መምህሩ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ጥያቄ ይጎርፍለታል። በሁለት ወር ውስጥ ሥራ የበዛበት ወላጅ ድምፁን ያጠፋዋል፤ ዋናው ማስታወቂያም አብሮ ይጠፋል። እኔ የምመክረው ሁለት ቦታ መለየት ነው። ትምህርት ቤቱ ብቻ የሚጽፍበት የማስታወቂያ ቻናል አንድ፤ ወላጆች የሚነጋገሩበት ግሩፕ ሌላ። የአንድ ልጅ ጉዳይ ግን በሁለቱም ላይ አይነሣም። የመምህሩ መልስ የሚሰጥበት ሰዓትም ተጽፎ ይለጠፍ።

ትልቁን አፕ የምቃወመው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ሰዉ ስልኩ ላይ የለመደው መንገድ አለው። አዲስ አፕ አውርድ፣ አካውንት ክፈት፣ የይለፍ ቃል ያዝ ሲሉት ቀድመው የሚገቡት አስቀድሞም የሚሰሙት ወላጆች ናቸው። ስልኩ ቦታ የሞላበት፣ ዳታ የሚቆጥበው፣ ቋንቋው ያልተጻፈለት ወላጅ ውጭ ይቀራል። እንግዲህ ርቀቱን ልናጠብብ ተነሥተን አሰፋነው ማለት ነው። በዚያ ላይ አፕ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። በጀትዎ የአንድ ጊዜ ነው። በሦስተኛው ዓመት የሚያድሰው ማነው? ይህን ስብሰባው ላይ በግልጽ ይጠይቁ።

የኢንተርኔት ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አርባ ልጅ በአንድ ጊዜ እያንዳንዱ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ ቢከፍት ለአንድ ክፍል ብቻ 60 ሜጋቢት ያስፈልጋል። አምስት ክፍል ቢሆን 300። ብዙ ትምህርት ቤት ይህን አይችለውም። ግን አርባዎቹም የሚያዩት አንድ ዓይነት ቪዲዮ ከሆነ ለምን አርባ ጊዜ ከውጭ ይምጣ? ትምህርቱ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ያ ኮምፒውተር በዋይፋይ ለክፍሉ ያሠራጫል። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ማንም አይሰማውም። ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የተሠራው ለዚህ ነው። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያን የመሳሰሉ ድረ ገጾችን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ሁለቱም ራስበሪ ፓይ በሚባለው፣ በመዳፍ በሚያዝ ርካሽ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ይችላሉ። አንድ የጎበዝ ተማሪዎች ክበብ ሥልጠና ቢያገኝ ራሱ ይተክለዋል፤ ራሱም ይጠግነዋል። ልጆች ሲተክሉት ደግሞ ይጠብቁታል።

ከተማው ራሱ መስመር የዘረጋ ከሆነ ግን የበለጠ ማሰብ ይቻላል። የአሜሪካዋ ቻታኑጋ የከተማ ንብረት የሆነ የመብራት ድርጅት አላት። ድርጅቱ የፋይበር መስመር ዘርግቶ በ2010 በአገልግሎት ክልሉ ሁሉ በሰከንድ 1 ጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) ማቅረብ ጀመረ። በ2020 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ተስማምቶ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ተማሪዎች በየቤታቸው ነፃ ኢንተርኔት አስገባ። ብቁ ተብለው የተቆጠሩት 28,000 ያህል ነበሩ። መብራት፣ መስመርና ትምህርት ቤት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለተቀመጡ የሆነ ነው። የእርስዎ ኮሚቴ ውስጥ ከመብራትና ከቴሌኮም ሰው አለ? ከሌለ ይጋበዝ።

መስመሩ ትምህርት ቤት ድረስ ብቻ ከደረሰ ሌላ ርካሽ ነገር አለ፤ በሩን ማታ መክፈት። የኮምፒውተር ክፍሉ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቆሞ ያድራል። ጥበቃና አንድ ኃላፊ ተመድቦ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ቢከፈት ሥራ ፈላጊው ማመልከቻ ይሞላበታል። እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ይማሩበታል። ቤቱ መብራት የሚጠፋበት ልጅ ያጠናበታል። ትምህርት ቤቱ የሰፈሩ ቤት ይሆናል።

ሰፈርን ከሰፈር ማቀራረብ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ፕሮጀክት ይስታል። ሁለት ትምህርት ቤት በቪዲዮ ያገናኙና ልጆቹ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ዘፈን ይዘፈናል፤ ፎቶ ይነሣል። በማግሥቱ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ1954 ያስቀመጠው ነገር ዛሬም ያገለግላል። ሰዎች ስለተያዩ ብቻ አይቀራረቡም አለ። እኩል ሆነው ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ተጋግዘው ሲሠሩና የበላይ አካል ሲደግፋቸው ግን ጥላቻና ጥርጣሬው ይቀንሳል። ስለዚህ ልጆቹን የሚያገናኝ ስክሪን ከመፈለግ በፊት አብረው የሚጨርሱትን ሥራ እንፈልግላቸው።

እኔ የምወደው ሥራ ካርታ ነው። በናይሮቢ ኪቤራ የሚባል በጣም ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር አለ። እስከ 2009 ድረስ በዲጂታል ካርታዎች ላይ ባዶ ቦታ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት የሰፈሩ ወጣቶች የጂፒኤስ መሣሪያ ይዘው በየመንደሩ እየዞሩ የውኃ ቦታውን፣ ክሊኒኩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ መጸዳጃውን መዘገቡ። የመዘገቡትን ማንም በነፃ ሊያርመውና ሊጠቀምበት በሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ አስገቡት። ባዶ የነበረው ቦታ በገዛ ልጆቹ እጅ ተሞላ።

የእርስዎ ከተማ ይህን በትምህርት ቤት ደረጃ ማድረግ ይችላል። በማይገናኙ ሁለት ሰፈሮች ካሉ ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ክፍል ይመረጥ። ሥራቸው አንድ ይሁን፤ «ልጅ በሰላም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ የቱ ነው?» የሚል። እያንዳንዱ ቡድን የሁለቱ ሰፈር ልጆች ይቀላቀሉበት። ቅዳሜ አንዱ ሰፈር፣ በሌላው ቅዳሜ ሌላው ሰፈር በእግር ይዙሩ። ክዳኑ የጠፋውን ጉድጓድ፣ መብራት የሌለውን መንገድ፣ መኪና የሚበርበትን ማቋረጫ ፎቶ አንሥተው ቦታውን ይመዝግቡ። ሰኞ ለሒሳብ መምህሩ የሚቆጠር ነገር አለ። ለኅብረተሰብ ትምህርት የሚጻፍ ነገር አለ። ለቋንቋ የሚተረጎም ነገር አለ። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ካርታውን ይዘው የከተማው አስተዳደር ፊት ይቁሙ። አስተዳደሩም አስቀድሞ ቃል ይግባ፤ ካመለከቷቸው ቦታዎች ቢያንስ አምስቱ በዚያው የትምህርት ዘመን ይጠገናሉ ብሎ። ያ ጉድጓድ ሲከደን የሁለቱም ሰፈር ልጆች «እኛ ነን ያስከደንነው» ይላሉ። ያን ጊዜ «እኛ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ሰፈር ይይዛል።

ይህ ከተለመደ ወደ ትልልቆቹ ማስፋት ይቻላል። ባርሴሎና በ2016 ዴሲዲም የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ሠርታ ነዋሪዎች በከተማው ዕቅድ ላይ ሐሳብ እንዲያቀርቡበት አድርጋለች። ሄልሲንኪም በዚያው ሶፍትዌር ላይ ነዋሪዎች የበጀት ሐሳብ የሚያቀርቡበትና ድምፅ የሚሰጡበት መድረክ አላት። እኔ የምወድላቸው ኢንተርኔት ብቻ ይብቃ አለማለታቸው ነው። በአዳራሽ ስብሰባ የተነሣ ሐሳብም እዚያው ይመዘገባል። ስብሰባ መምጣት የሚችልና ስልክ መንካት የሚችል እኩል ይሰማል። ግን ከዚህ አይጀምሩ። ሐሳብ አምጡ ተብሎ ሰብስቦ ምንም ያለመሥራት ያህል ሰውን የሚያርቅ ነገር የለም።

የልጆች መረጃ ነገር በአንድ አንቀጽ የሚያልቅ ባይሆንም ሳልጠቅሰው አላልፍም። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2022 በ49 አገሮች ጥቅም ላይ የዋሉ ከ160 በላይ የትምህርት መተግበሪያዎችን መርምሮ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የልጆችን መብት የሚጥስ ወይም አደጋ ላይ የሚጥል የመረጃ አያያዝ እንዳላቸው ገልጿል። ብዙዎቹን ያስጠቀሙት ወይም የመከሩት መንግሥታት ነበሩ። «ነፃ ነው» የሚል ሻጭ ሲመጣ የልጁ ስም፣ ፎቶና ቦታ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ይስጥ። በጽሑፍ ካልሰጠ ይመለስ።

አሁን በጀቱን እንከፋፍለው። ታብሌት የሚሉት አባላት አንድ ነገር ያስሉ። አንድ ሺህ ታብሌት ተገዝቶ ዕድሜው አራት ዓመት ቢሆን በየዓመቱ 250 መተካት አለበት። ቻርጀሩ፣ ባትሪው፣ ስክሪኑ፣ የሚጠግነው ሰው ሌላ ነው። የአንድ ጊዜ በጀት ይህን አይሸከምም። እኔ ብሆን ትልቁን ድርሻ ለሰው ሰዓት አደርገዋለሁ፤ ለሚደውሉ፣ ለሚቀዱ፣ ማታ ክፍሉን ለሚከፍቱ፣ ለሚጠግኑ። ከዚያ ያሉት ኮምፒውተሮች ይጠገኑ፤ ትምህርቱን ያለ ኢንተርኔት የሚያሠራጨው ትንሹ ኮምፒውተር ይግባ። መምህራንን የማሠልጠኛውንም ገንዘብ አንድ ቀን አዳራሽ ሰብስቦ መጨረስ ይቅር። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ባልደረባ ክፍል ገብቶ አብሮ እየሠራ ቢያሳይ ይሻላል። የሚተርፍ ካለ ዕቃ ይገዛ። ሁሉም ትምህርት ቤት በአንዴ አይጀምር። ስድስት ትምህርት ቤት ይመረጥ፤ ሦስቱ ዘንድሮ፣ ሦስቱ በሚቀጥለው ዓመት። ማን በመጀመሪያ ይግባ የሚለው በዕጣ ይለይ። እንዲያ ከሆነ በዓመቱ መጨረሻ የጀመሩትንና ያልጀመሩትን አስተያይቶ ሠራ አልሠራም ለማለት መነሻ ይኖራል። የምትለኩት ነገርም አይብዛ፤ መቅረት፣ ንባብ፣ ወላጅ ስንት ጊዜ መልሶ ደወለ።

ከስብሰባው በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከየሰፈሩ አሥር ወላጆች ይምረጡና ራስዎ ይደውሉላቸው። «ትምህርት ቤቱ መጨረሻ ያናገረዎት መቼ ነው? በምን ቋንቋ? ስለ ምን?» ብለው ይጠይቁ። ያሉዎትን እንዳሉት፣ በራሳቸው አነጋገር ይጻፉት። ስብሰባው ሲከፈት ታብሌትና አፕ ከመነሣቱ በፊት ያን ወረቀት ያንብቡላቸው። የመለሱልዎትን ደግሞ ለእኔም ይጻፉልኝ፤ የቀረውን ከዚያ ተነሥተን እንነጋገራለን።